የማሰሪያው ሦስተኛ ቀዳዳ

«አባዬ አርባ አራት! እማዬ ሰማንያ ዘጠኝ!»

የልጃቸው ድምፅ ከስልኩ ወጥቶ ማድ ቤቱን ሲሞላው ጋሽ ሰከንድ ዳቦ እየቆረጡ ነበር፤ ቢላው ዳቦው መሀል እንደተሰካ ቀረ። ስልኩ እንደ ወትሮው የስኳር ቆርቆሮውን ተደግፎ ቆሟል። ባለቤታቸው መምህርቷ ጆሯቸው ትንሽ ደከም ስላለ ድምፁን እስከ ጥግ ነው የሚከፍቱት፤ በዚህ የተነሳ በዚያ ቤት የስልክ ምስጢር የሚባል ነገር ከቀረ ቆይቷል። «ተሳስተሽ እንዳይሆን?» አሉ መምህርቷ። «አርባ ስምንቷ እኮ እኔ ነኝ። አባትሽ ነው ዘጠና አንዱ።» «እሱን እኮ ነው የምልሽ እማዬ፣ የዛሬው ሌላ ነው! አንቺ ጥሩ ተኝተሻል፣ ሲገላበጥ ያደረው አባዬ ነው። ስለዚህ አንቺን መውሰዴ ቀርቷል፤ እሱን ነው የምወስደው። ስድስት ሰዓት ላይ ከሥራ ወጥቼ እመጣለሁ፣ ልብሱን ብቻ አዘጋጂለት።» መምህርቷ መልስ ከመስጠታቸው በፊት የግራ እጃቸውን አንጓ አዩ፤ ከዚያ የባላቸውን ጀርባ አዩ፤ ከዚያ «እሺ» አሉ። ስልኩ ተዘጋ። ሁለቱም ሻያቸውን ጠጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቷ ፋርማሲስት ናት፤ ቀኑን ሙሉ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» የሚሉ አዛውንቶች መስኮቷ ላይ ሲሰለፉ ታያለች። ከሦስት ሳምንት በፊት ሁለት ጥቁር ሰዓቶች ገዝታ መጣች። ማታ አስረዋቸው ያድራሉ፤ ጠዋት የእንቅልፋቸው ነጥብ ከመቶ ተሰልቶ እሷ ስልክ ላይ ይመጣል። ዋጋውን ቢጠይቋት «አይመለከትህም አባዬ» አለቻቸው፤ እሳቸው ግን የቀድሞ ሱቃቸው መስኮት ላይ ተለጥፎ አይተውታል። የአንዱ ዋጋ በእሳቸው ዘመን የሰፈሩን ሰዓት ሁሉ ያስጠግን ነበር። ጋሽ ሰከንድ አርባ ሁለት ዓመት ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ «አንዲት ሰከንድ ይጠብቁኝ» ያለ ሰው ሁሉ «በሰከንድ አይቀለድም!» የሚለውን ተግሣጽ ቀምሷልና። መጀመሪያ ላይ «እኔ ሰዓት ስመዝን ኖሬ ደግሞ በስተርጅና ሰዓት ይመዝነኝ?» ብለው አጉረምርመው ነበር። በማግስቱ ጠዋት ዘጠና አንድ ሲመጣላቸው ግን ማጉረምረሙ በአንዴ ጠፋ፤ የልብ ልብ ተሰማቸው፤ ለፀጉር አስተካካዩ ሳይቀር አወሩለት።

የመምህርቷ ነገር ነው የከፋው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ሲጥሉና ሲያሳልፉ የኖሩ ሴት፣ በሰባ አንድ ዓመታቸው ወደቁ። ሃምሳ ማለፊያ ነው፤ እሳቸው አንድ ቀን አርባ ስምንት፣ አንድ ቀን አርባ አምስት፣ አንዴማ ሠላሳ ዘጠኝ። ቁጥሩ በተጠራ ቁጥር ፈገግ ይላሉ፣ ግን ጋሽ ሰከንድ ያን ፈገግታ ያውቁታል፤ በሰው ፊት ያፈረ ሰው ፈገግታ ነው። ማታ ማታ ቶሎ ይተኛሉ፣ ውሃ መጠጣት ቀነሱ፣ ትራሱን ቀየሩ። አጥንተው እንደሚወድቁ ልጆች ሆኑ። ሐሙስ ዕለት ልጅቷ ፍርዷን ሰጠች፤ «እማዬን የሚረብሻት የአባዬ ማንኮራፋት ነው። እኔ ጋ የልብስ መተኮሻው ክፍል ውስጥ አልጋ አለ። ነጥቧ እስኪስተካከል እኔ ዘንድ ትደር።» እስኪስተካከል! ስንት ቀን ነው እሱ? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው። ሰው የሚያንኮራፋው መጀመሪያ ሲተኛ አይደል?

ጋሽ ሰከንድ አይተኙም። ይኼን የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ የለም፤ አሥራ አራት ወር ሙሉ ሆድ ይፍጀው ብለው ይዘውታል። ከአሥራ አራት ወር በፊት መምህርቷ ሌሊት ትንፋሽ አጥሯቸው፣ እጃቸው የውሃ ብርጭቆውን ገፍቶ ጣለው። ጋሽ ሰከንድ የነቁት በብርጭቆው ድምፅ ነው። ብርጭቆው ባይሰበር ኖሮ፣ አጠገባቸው አርባ አምስት ዓመት የተኛች ሴት እያጣጣረች እሳቸው እንደ ግንድ ተጋድመው ሊያድሩ ነበር! መምህርቷ አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ቆይተው ድነው ወጡ፤ ጋሽ ሰከንድ ግን የራሳቸውን እንቅልፍ ይቅር ሊሉት አልቻሉም። ከዚያ ወዲህ ሌሊቱን ሙሉ በጀርባቸው ተንጋለው፣ ሳይንቀሳቀሱ፣ የሚስታቸውን ትንፋሽ ሲያዳምጡ ያድራሉ። አለመንቀሳቀስ ደግሞ የሙያቸው ነው፤ ከጤፍ ፍሬ የምታንስ ብሎን በወረንጦ ይዞ የሚኖር ሰው ሲተነፍስ እንኳ ማንም አይሰማውም። ሰዓቱም የተንጋለለውን አካል፣ ዝግ ብሎ የሚመታውን ልብ አየና ዘጠና አንድ ሰጠ። ጎህ ሲቀድ አንድ ሰዓት ያህል፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ወንበራቸው ላይ ትንሽ ያሸልባሉ፤ ያቺን የቀኗን እንቅልፍ ሰዓቱ ቁጥር ውስጥ አያስገባትም።

እንግዲህ ትናንት ማታ ምን አደረጉ? መምህርቷ እንቅልፍ እንደወሰዳቸው ጋሽ ሰከንድ የእሳቸውን ሰዓት ፈትተው በራሳቸው እጅ አሰሩ፤ የራሳቸውን ለመምህርቷ አሰሩላቸው። ሊነጋጋ ሲል መልሰው ቀየሩት። ቅንጣት አላነቋቸውም። ሐሳባቸው ቀላል ነበር፤ የመምህርቷ ነጥብ ከፍ ካለ ልጅቷ የምትወስዳቸው ምክንያት የለም። የመምህርቷን ነጥብ አሰቡ፤ የራሳቸው ምን እንደሚሆን ግን አላሰቡም። አርባ ሁለት ዓመት በሰዓት ውስጥ አንዱን ጥርስ ሲነኩ ሌላው እንደሚዞር የሚያውቁ ሰው! ከድጡ ወደ ማጡ ገቡ። መምህርቷ ቢሄዱ ኖሮ ቢያንስ ልጃቸው ቤት ነው፣ ከግድግዳው ማዶ ሰው አለ። አሁን ግን እሳቸው ሊወሰዱ ነው፤ መምህርቷ በዚህ ቤት፣ በዚያ አልጋ፣ ብቻቸውን ሊያድሩ ነው። ማን ያዳምጣል?

ሁለት ሰዓት ሲል ኮታቸውን ደርበው ወጡ፤ እግራቸው በልማዱ ወደ ድሮ ሱቃቸው ወሰዳቸው። ሱቁን አሁን የያዘችው አንዲት ሳቂታ ሴት ናት፤ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ትሸጣለች። የእሳቸውን የሥራ ጠረጴዛ ግን አልጣለችውም፤ ጠርዙ ላይ ወረንጦው የፋቀው ጭረት እንዳለ ነው። «አባቴ፣ እርስዎ ደግሞ ዓይንዎ ምነው እንዲህ ቀላ?» አለቻቸው ወንበር እየሳበች። ሰዓቱን ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አጋደሙትና ይሳሳት እንደሆነ ጠየቋት። ሳቀች። «እኔ ባለፈው ፀጉሬን ስሠራ ሦስት ሰዓት ፈዝዤ ተቀምጬ ‹ጥሩ እንቅልፍ ነበር› አለኝ። ይሄ የሚያየው መንቀሳቀስና የልብ ምት ነው፤ ሐሳብ የት አባቱ ያያል?» ጋሽ ሰከንድ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አርባ አራቱን ወደ ሰባ፣ ቢያንስ ወደ ስድሳ ከፍ የሚያደርግ ዘዴ ይኖር እንደሆነ ጠየቁ። «ቁጥሩንማ መነካካት አይቻልም። ለምን ለልጅዎ የሆነውን አይነግሯትም?»

«አንዳንዱ ሰዓት ልጄ፣ ሲከፈት ነው የሚበላሸው።»

«እርስዎ ሳይከፍቱ የጠገኑት ሰዓት አለ?» አለቻቸውና ቻርጀር የሚጠይቅ ሰው ስለመጣ ወደዚያ ዞረች። ጋሽ ሰከንድ ሰዓታቸውን አስረው ወጡ። መንገዱ ላይ አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎች ተሰልፈዋል፤ አንዲት ሴትዮ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ተኝታለች፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ። ጋሽ ሰከንድ ቆም ብለው በቅናት አዩአት።

ቤት ሲደርሱ ሻንጣው በሩ ሥር ቆሟል። መምህርቷ አልጋው ላይ ተቀምጠው የመጨረሻዋን ሸሚዝ እያጠፉ ነው፤ እጅጌውን ወደ ኋላ፣ አንገቱን ወደ ላይ፣ ጠርዙን በመዳፋቸው እየዳመጡ። ሦስት ሸሚዝ፣ ሁለት ሱሪ፣ ሹራብ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ያቺ ዓይናቸው ላይ የሚሰኳት ሰዓት መጠገኛ አጉሊ መነጽርም ሳትቀር። «ይኼ ምን ያደርግልኛል?» አሉ ጋሽ ሰከንድ። «ካላየሃት ስለማይቀናህ ነው» አሉ መምህርቷ ቀና ሳይሉ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ካለባት አንዱ መቀመጥ አለበት። ጋሽ ሰከንድ ቆመው ቀሩ። አርባ አምስት ዓመት አብሮ የኖረ ሰው የሚናገረው ሲያጣ ዕቃ ይነካል፤ የመስኮቱን መጋረጃ አስተካከሉ፣ የግድግዳውን ሰዓት አዩ፣ በራሱ ልክ የሚሄደውን ሰዓት ሊያስተካክሉ እጃቸውን ዘርግተው መለሱት። «ሸሚዙ ይበቃል ወይስ ልጨምር?» አሉ መምህርቷ። «ይበቃል» አሉ እሳቸው። ይኼው ነው የተነጋገሩት።

ልጅቷ በስድስት ሰዓት ከአሥር ደረሰች፣ እያለከለከች፣ ነጩን የሥራ ገዋኗን ሳታወልቅ። አባቷን ግንባራቸውን ዳሰሰች፣ ዓይናቸውን ገልጣ አየች፣ የልብ ምታቸውን ቆጠረች። «ታዲያስ አባዬ! ሦስት ሳምንት አንደኛ ሲወጣ ቆይቶ ምን ነካው ይሄ ሰው?» አለች እየሳቀች፣ ግን የልብ ምታቸውን ደግማ ቆጠረች። ልጅ እንዲህ ሲሰጋ ማየት ከባድ ነው፤ በተለይ ስጋቱን የፈጠርከው አንተ ስትሆን። መምህርቷ መኮረኒ አቀረቡ። ሦስቱም በልተው እስኪጨርሱ ስለ ቤት ኪራይ መጨመር፣ ስለ ልጅቷ አዲስ አለቃ፣ ስለ ጎረቤት ውሻ ተወራ። ሻንጣው ግን በሩ ሥር ቆሞ ሁሉንም ይሰማል። ልጅቷ ሳህኖቹን አንስታ «በል እንግዲህ አባዬ፣ እንሂድ» ስትል መምህርቷ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ።

«ከመሄድህ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉ፤ ድምፃቸው ክፍል ውስጥ የሚጠይቁበት ድምፅ ነው፣ መልሱን እያወቁ የሚጠይቁበት። «እኔ ይኼን ሰዓት የማስረው በሁለተኛው ቀዳዳ ነው። እጄ ስለሚያብጥ። ዛሬ ጠዋት ስነቃ በሦስተኛው ነበር የታሰረው። ጥብቅ ብሎ፣ ልክ እንደ ባለሙያ አስተሳሰር።»

ልጅቷ ሳህኑን ይዛ ቆማ አንዴ እናቷን፣ አንዴ አባቷን አየች። ጋሽ ሰከንድ አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ በሰው እጅ ላይ ሰዓት ሲያስሩ ኖረው፣ ላላ አድርጎ ማሰር ጣታቸው አያውቅም። የአባት ያለህ! በቀዳዳ ተያዙ። መሳቅም ፈለጉ፣ መሸሽም ፈለጉ። ሁለቱንም ትተው ተነሱና ወደ መኝታ ቤት ገቡ፤ በእሳቸው በኩል ካለው የፍራሹ ጠርዝ ሥር ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር አውጥተው ተመለሱ፤ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

ይህ ደብተር ምን እንደሆነ እናትም ልጅም ያውቁታል። ጋሽ ሰከንድ የጠገኑትን ሰዓት በዚያው ቀን አይመልሱም ነበር፤ ባለቤቱ ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ ሰባት ቀን ያቆዩታል። አንድ ቀን በጀርባው፣ አንድ ቀን በፊቱ፣ አንድ ቀን በጎኑ እያስተኙ ስንት ሰከንድ እንደቀደመ፣ ስንት ሰከንድ እንደዘገየ ይጽፋሉ። «ጠረጴዛ ላይ ጨዋ የሆነ ሰዓት እጅ ላይ ሲወጣ ጠባዩ ሌላ ነው» ይላሉ። የሙከራ ደብተር ይሉታል። ልጅቷ የዚህን ሳምንት ገጽ ገለጠች። የሰዓት ስም የለበትም። በዚያች በእርሳስ በሚጽፏት ደቃቃ ፊደል እንዲህ ይላል፦ «ሰኞ ለማክሰኞ። ሰባት ሰዓት ከሩብ፣ ወደ ግድግዳው ዞረች። ስምንት ከአሥር፣ በሕልሟ ተማሪ ተቆጣች። ዘጠኝ ከአምስት፣ ትንፋሽ ቆመ፤ አሥራ አንድ ቆጠርኩ፣ ተመለሰ።» ወደ ኋላ ገለበጠች፣ ሌላ ገጽ፣ ሌላ ወር። መጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ፦ «ዓርብ ለቅዳሜ። ሰዓቶቹን ቀየርኩ። አሥር ከሩብ፣ ትንፋሽ ቆመ፤ አሥራ ዘጠኝ ቆጠርኩ። ተመለሰ። ተመስገን።»

ልጅቷ ስልኳን አወጣች። የማክሰኞን ሌሊት የአባቷን መስመር ፈልጋ ከደብተሩ ጎን አስተኛችው። ሰባት ሰዓት ከሩብ፣ ስልኩ «ጥልቅ እንቅልፍ» ይላል። ስምንት ከአሥር፣ «ጥልቅ እንቅልፍ»። ዘጠኝ ከአምስት፣ «ጥልቅ እንቅልፍ»። ጣቷ እዚያ ላይ ቆመ። ሲጽፍ ያደረ ሰው! «አባዬ» አለች፤ ከዚያ ንዴቷ መጣ። «አሥራ ዘጠኝ? እንዲህ ያለ ነገር እኮ ዝም አይባልም! ትንፋሽ ሲቋረጥ ሐኪም ነው የሚያየው፤ መፍትሔ ያለው ነገር ነው! እኔ በአንተ ማንኮራፋት ሳሳብብ፣ አንተ እዚህ ተጋድመህ ትቆጥራለህ? ለምን አልተናገርክም?»

«ከተናገርኩ ይወስዱብኛል ብዬ» አሉ ጋሽ ሰከንድ።

መምህርቷ እስካሁን ደብተሩን ከሩቅ ያዩት ነበር። «አሥራ አራት ወር?» አሉ በቀስታ። ከዚያ ድምፃቸው ወጣ። «አሥራ አራት ወር ሙሉ ነቅተህ? አንተ ሰውዬ ጤና የለህም? እኔ ደግሞ ሰውዬው ደክሞታል፣ ተኝቷል፣ እንዳልቀሰቅሰው ብዬ ሽንቴን እስኪነጋ ስይዝ! ጎኔን እየነደደኝ መዞር እየፈራሁ! ብትነግረኝ እኮ ተነስቼ ሄጄ እመለስ ነበር!» ልጅቷ ፈገግ ልትል ስትል እንባዋ ቀደማት፤ ከዚያ ሦስቱም በአንድ ላይ ሳቁ፣ ጋሽ ሰከንድ እንኳ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ። መምህርቷ ሳቃቸው ሳያልቅ የባላቸውን እጅ ጠረጴዛው ላይ ያዙ፤ በልጃቸው ፊት እንዲህ ሲያደርጉ የመጀመሪያቸው ነው። «በአርባ ስምንት ብወድቅም ባልወድቅም» አሉ፣ «ከዚህ አልጋ የትም አልሄድም። እሱም አይሄድም።»

«ማንም አይሄድም» አለች ልጅቷ አፍንጫዋን እየጠረገች። «ሰኞ በጠዋት ሦስታችንም ሐኪም ጋ ነን። ደብተሩንም ይዘን።»

«ሰዓቱስ?» አሉ ጋሽ ሰከንድ።

«እሱም ይምጣ። ግን ደብተሩ ይቅደም። እስከዚያው ዛሬም ነገም ማታ እዚህ አድራለሁ፤ እማዬን የማዳምጣት እኔ ነኝ።» ይህን ብላ ሻንጣውን ከበሩ ሥር አንስታ መኝታ ቤት ወሰደችው፤ ሸሚዞቹን አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው ስትመልስ የቁም ሣጥኑ በር ሲጢጥ ሲል ይሰማል።

ጋሽ ሰከንድ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። አንድ ነገር ሊሉ ነበር፤ ለእሷ ማዳመጥ እንዴት እንደሚቻል፣ ጆሮን ከየት በኩል ማድረግ እንደሚገባ፣ ከስንት በኋላ የእናቷን ትከሻ ነካ ማድረግ እንዳለባት። «አሥር ከሞላ…» ብለው ጀመሩ። አልጨረሱትም። ራሳቸው ወደ ጎን ዘንበል አለ፣ አፋቸው ተከፈተ፣ እጃቸው ከወንበሩ ተንሸራቶ ተንጠለጠለ፤ ወዲያው ያ ሲታሙበት የከረሙት ማንኮራፋት እውነተኛው መጣ። እግራቸው ይፈራገጣል፣ ትከሻቸው ይዘላል። ልጅቷ ከመኝታ ቤት ብቅ ብላ በልማዷ ስልኳን ልታይ ስትል እናቷ በእጃቸው ከለከሏት። ጎንበስ ብለው ሰዓቱን ከባላቸው እጅ ለመፍታት ሞከሩ። እንደ ጋሽ ሰከንድ የሰለጠነ ጣት የላቸውም፤ ማሰሪያው ሁለት ጊዜ አመለጣቸው፣ አንዴም የባላቸውን ቆዳ ቆነጠጠ። ጋሽ ሰከንድ አልነቁም። ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፍተው አስቀመጡት።

ከዚያ ወንበር ስበው ከባላቸው ጎን ተቀመጡ፤ ደብተሩን ጭናቸው ላይ ዘረጉና ከመሳቢያው ያቺን የድሮ ቀይ እስክሪብቶ አወጡ። የግድግዳውን ሰዓት ቀና ብለው አዩ። ከመጨረሻዋ የእርሳስ መስመር ሥር፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ በኖሩበት ትልልቅ የተስተካከለ ፊደል እንዲህ ብለው ጻፉ፦

«ቅዳሜ፣ ቀን። ስምንት ሰዓት ከሃያ። ተኛ። እኔ አለሁ።»